ወደ አውስትራሊያ የተጋዘን ብሪታኒያዊ እስረኛ ሕይወት ከመዝገብ ፈልጎ ማግኛ፦ ዝርዝር መመሪያ

የግዞተኛ ፍለጋ የሚበላሸው መዝገብ ጠፍቶ አይደለም። መዝገቡማ ሞልቷል። የሚበላሸው ሰው በስም ብቻ ስለሚሄድ ነው። ስሙን ይጽፋል፣ ሠላሳ አርባ ጆን ስሚዝ ይዘረገፍለታል፣ ዕድሜው የሚቀራረበውን መርጦ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው የጋብቻ ፈቃድ፣ የቅጣት መዝገብ፣ የሞት ምዝገባ ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ከስሙ ይልቅ መርከቡን ያዙ። ግዞተኛው አውስትራሊያ ከደረሰ በኋላ ጸሐፊዎቹ የሚመዘግቡት «እገሌ፣ በዚህ መርከብ የመጣ» እያሉ ነው። ስም በስህተት ይጻፋል፣ ዕድሜ ከመዝገብ መዝገብ ይለያያል፣ የመርከቡ ስም ግን ለዓመታት አብሮት ይሄዳል።

መመሪያው አውስትራሊያ ወይም እንግሊዝ ሆናችሁ ለልጆቻችሁ የትምህርት ቤት ሥራ፣ ለትዳር አጋራችሁ የዘር ሐረግ ወይም ለራሳችሁ ጥናት ለምትፈልጉ ነው። አብዛኛው ሥራ ከቤት ሆኖ ያለ ክፍያ ይሠራል። ለምሳሌ ዊልያም ከፌይን እንከተላለን። ከፌይ በለንደን ልብስ ሰፊ የነበረ ጥቁር ሰው ነው፤ አባቱ ሴንት ኪትስ ደሴት ላይ በባርነት ኖሯል። ከፌይ የሠራተኛው ሕዝብ የመምረጥ መብት እንዲያገኝ የሚታገለው የቻርቲስቶች ንቅናቄ መሪ ነበር። በ1848 ተከሶ የዕድሜ ልክ ግዞት ተፈረደበት።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ወረቀት አዘጋጁ። ስድስት መስመር ይኑረው፦ ስም ከነልዩ ልዩ አጻጻፉ፣ የተፈረደበት ፍርድ ቤትና ቀን፣ የቅጣቱ ዘመን፣ መርከብ፣ የደረሰበት ወደብና ቀን፣ የትውልድ ቦታ። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን መረጃውን ያያችሁበትን መዝገብና የገጽ ቁጥር ጻፉ። ይህን የማይጽፍ ሰው ከወር በኋላ ያንኑ ገጽ እንደገና ሲፈልግ ይውላል።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩ። ሁሉንም እንዳለ በፈረንጆቹ ያዙ፤ ወሮቹንም ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ እያላችሁ ጻፉ። ኖቬምበር 1849 በእኛ 1842 ነው። ሁለቱን አቆጣጠር አንድ ወረቀት ላይ ከቀላቀላችሁ ሰባት ዓመት ከየት እንደጠፋ ስትፈልጉ ትኖራላችሁ።

የስም አጻጻፍ ላይ ተጠንቀቁ። እኛ ሰውን የምንፈልገው በራሱ ስም ነው። እነሱ ግን መዝገቡን የሚያደራጁት በቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ «ከፌይ» በቤተሰብ ስም ሳጥን፣ «ዊልያም» በመጀመሪያ ስም ሳጥን ይገባል። አሮጌ ዝርዝሮች ላይ የቤተሰብ ስም ይቀድማል።

ከዚያ ስሙ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ዘርዝሩ። ብዙ ግዞተኞች መጻፍ አይችሉም ነበር። ጸሐፊው የጻፈው የሰማውን ነው። የከፌይ ስም እንኳን፣ ጋዜጣ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ሆኖ ሳለ፣ መጨረሻው አንድ ቦታ በኤ ዋይ፣ ሌላ ቦታ በኢ ዋይ፣ ሌላ ቦታ በዋይ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። የፍለጋ ሳጥኑ የኮከብ ምልክት የሚቀበል ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፊደላት ጽፋችሁ ኮከብ አድርጉበት። «ማክ» እና «ኦ» ያለባቸውን የአየርላንድና የስኮትላንድ ስሞች ከቅጥያውም ጋር፣ ያለ ቅጥያውም ፈልጉ።

ደረጃ 1፦ ዘመኑንና ቅኝ ግዛቱን ለዩ

መዝገቦቹ የተቀመጡት በቅኝ ግዛት ነው። የት እንደተላከ ሳታውቁ አትጀምሩ። ዓመቱ ብቻ ብዙ ይነግራችኋል።

ከ1776 በፊት የተፈረደበት ሰው አሜሪካ፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሄደ ነው። ይህ መመሪያ እሱን አይመለከትም።

ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1788 እስከ 1840 ተቀብላለች፤ በ1849 እና በ1850 ጥቂት መርከቦች ደግሞ መጥተዋል። የዛሬዋ ታዝማኒያ እስከ 1853 ተቀብላለች። ምዕራብ አውስትራሊያ ከ1850 እስከ 1868 ተቀብላለች፤ የመጨረሻዋ መርከብ ሁጉሞንት ፍሪማንትል የደረሰችው በጃንዋሪ 1868 ነው።

ከዚህ ተነስታችሁ የማይሆነውን ቦታ ቀንሱ። የምትፈልጉት ሴት ከሆነች ምዕራብ አውስትራሊያን ተዉት፤ ወደዚያ የተላኩት ወንዶች ብቻ ናቸው። ከ1841 እስከ 1848 ባለው ጊዜ የተጓዘ ከሆነ መጀመሪያ ታዝማኒያን እዩ። ከ1853 በኋላ ከሆነ ምዕራብ አውስትራሊያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ታዝማኒያ ይህን ስም ያገኘችው በ1856 ነው። ከዚያ በፊት በመዝገብ ላይ ያለችው ቫን ዲመንስ ላንድ ተብላ ነው። ብሪዝበንን በግዞቱ ዘመን የምታገኙት ሞርተን ቤይ በሚል ስም ነው። ሜልበርንና አካባቢዋ ደግሞ ፖርት ፊሊፕ ይባል ነበር። የዛሬውን ስም ጽፋችሁ ምንም ካላገኛችሁ የድሮውን ሞክሩ።

ደረጃ 2፦ የፍርዱን መዝገብ አግኙ

ለንደን የተፈረደበት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ከ1674 እስከ 1913 ያሳተመው የችሎት ዘገባ ሙሉው በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ። በስም፣ በወንጀል ዓይነት፣ በቅጣትና በዓመት መፈለግ ይቻላል። ከፌይን በሴፕቴምበር 1848 ችሎት ላይ ታገኙታላችሁ፤ አብረውት ዊልያም ሌሲና ቶማስ ፌይ ተፈርዶባቸዋል። አብረው የተከሰሱትን ሰዎች ስም ሁልጊዜ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። በኋላ የእናንተ ሰው ስም ተበላሽቶ ከጠፋባችሁ የእነሱ ስም መርከቡን ሊያሳያችሁ ይችላል።

ከኦልድ ቤይሊ ቀጥሎ ዲጂታል ፓኖፕቲኮን የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱ። እሱም ነጻ ነው። ኦልድ ቤይሊ የተፈረደባቸውን ወደ 90,000 የሚጠጉ ሰዎች ከ1780 ጀምሮ በልዩ ልዩ መዝገቦች ተከታትሎ በአንድ ገጽ ያገናኛል። ግን ማገናኘቱን የሠራው ኮምፒውተር ነው። እያንዳንዱን መዝገብ ራሳችሁ አመሳክሩ።

ከለንደን ውጭ ከሆነ፣ በለንደን ኪው ያለው የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የያዘውን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የወንጀል መዝገብ፣ ኤችኦ 27ን ፈልጉ። ከ1805 እስከ 1892 በየአውራጃውና በየዓመቱ የተከሰሰውን ሰው ስም፣ ወንጀሉንና ፍርዱን ይዟል። ዲጂታል ቅጂው የሚገኘው ክፍያ በሚጠይቁ የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለአንባቢዎቻቸው በነጻ ያስከፍታሉ።

እዚህ ደረጃ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ፍርዱ «ሞት» ስለሚል ፍለጋውን ያቆማሉ። አታቁሙ። በዚያ ዘመን ሞት የተፈረደበት ብዙ ሰው ቅጣቱ ወደ ግዞት ተቀይሮለታል።

ሁለተኛ፣ ግዞት ተፈረደበት ማለት አውስትራሊያ ደረሰ ማለት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ቅጣቱን የጨረሰ፣ ሳይሳፈር የሞተ ወይም ምሕረት ያገኘ አለ። ቤርሙዳ ወይም ጅብራልታር ተልኮ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረም አለ።

ሦስተኛ፣ ከ1853 በኋላ ባሉ ፍርዶች «ግዞት» የሚለውን ቃል ላታገኙ ትችላላችሁ። በምትኩ የተተካው «ፒናል ሰርቪትዩድ»፣ ማለትም ከከባድ ሥራ ጋር የሚፈጸም እስራት ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ከሄዱት ብዙዎቹ የተፈረደባቸው በዚህ ስም ነው።

ደረጃ 3፦ መርከቡን ያዙ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ይህ ደረጃ በትክክል ከተሠራ የቀረው መንገድ ይቃናል።

1. የኩዊንስላንድ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀውን የብሪታኒያ ግዞተኞች የማጓጓዣ መዝገብ ማውጫ ክፈቱ። ነጻ ነው። ከ1787 እስከ 1867 ከተጋዙት ወደ 160,000 ከሚገመቱ ሰዎች ውስጥ ከ123,000 በላይ የሚሆኑትን ይዟል። የተወሰደው ኤችኦ 11 ከሚባለው መዝገብ ነው።

2. በቤተሰብ ስም ፈልጉ። የሚመጣላችሁን ዝርዝር በሙሉ ገልብጡ። የመጀመሪያውን ይዛችሁ አትሩጡ።

3. እያንዳንዱን ስም ከደረጃ 2 ጋር አስተያዩ። ኤችኦ 11 የሚሰጣችሁ ስም፣ የተፈረደበት ፍርድ ቤት፣ ቀን፣ የቅጣት ዘመን፣ መርከብና መድረሻ ነው። ዕድሜም ወንጀልም በአብዛኛው የለውም። ስለዚህ የምታመሳክሩት በፍርድ ቤቱና በቀኑ ነው። ፍርድ ቤቱ ካልገጠመ ሰውየው የእናንተ አይደለም፤ ስሙ የቱንም ያህል ቢመሳሰል ተዉት።

4. የመርከቡን ስም ከነዓመቱ ጻፉ። ስም ብቻውን አይበቃም። ሰሪ የምትባለው መርከብ ከ1814 እስከ 1842 ድረስ 11 ጊዜ ግዞተኛ ጭናለች። «በሰሪ የመጣ» ብላችሁ ብትጽፉ በየትኛው ጉዞ እንደሆነ አይታወቅም።

5. የመነሻውንና የመድረሻውን ቀን ለይታችሁ ጻፉ። ማውጫው ላይ የምታዩት የመነሻው ነው። ጉዞው ወራት ይፈጃል። በኦክቶበር የተነሳ መርከብ የሚደርሰው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ የቅኝ ግዛቱ መዝገብ ደግሞ የሚጠቀመው በደረሰበት ቀን ነው። ከፌይ የተሳፈረባት መርከብ አደሌድ ሆባርት የደረሰችው በኖቬምበር 1849 ነው። ቀጥሎ ያለውን የከፌይ መዝገብ ሁሉ የሚከፍትላችሁ «አደሌድ 1849» የሚለው ነው።

ስሙ ከጠፋ፦ በፍርድ ቤትና በቀን ሂዱ። በዚያው ቀን በዚያው ፍርድ ቤት ግዞት የተፈረደባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ በአንድ መርከብ ወይም በተከታታይ መርከቦች ተልከዋል። የእነሱን መርከብ አግኙና የተሳፋሪውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የተበላሸው ስም እዚያ ቁጭ ብሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

አይሪሽ ከሆነ፦ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ1791 እስከ 1853 የሚሸፍን የራሱ ነጻ ማውጫ አለው። ነገር ግን ከ1836 በፊት የነበሩት የግዞት መዝገቦች በ1922 ደብሊን ውስጥ በተነሳው ቃጠሎ ወድመዋል። ለዚያ ዘመን የሚገኘው በአብዛኛው የምሕረት ማመልከቻ ነው። ማመልከቻ ያላስገባ ሰው በማውጫው ላይ አለመኖሩ አልተጋዘም ማለት አይደለም። ቀጥታ ወደ አውስትራሊያው የመርከብ ዝርዝር ሂዱ።

ስኮትላንዳዊት ከሆነች፦ ያገባች ሴት በልጅነት ስሟም በባሏም ስም ልትመዘገብ ትችላለች። ሁለቱንም ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ በእስር ቤት መርከብና በባሕር ላይ

አሮጌ መርከቦች ወደብ ላይ ቆመው እስር ቤት ሆነው ያገለግሉ ነበር። ኤችኦ 8 እና ኤችኦ 9 የእነሱ መዝገቦች ናቸው። ለግዞተኛው ጠባይ የተሰጠውን አስተያየት አንዳንዴ እዚያ ታገኛላችሁ። ካላገኛችሁ አትጨነቁ፤ እለፉት።

ሊታለፍ የማይገባው የመርከቡ ሐኪም ማስታወሻ ነው። መለያው ኤዲኤም 101 ነው። የብዙ መርከቦች ማስታወሻ ተርፏል። በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኩል የተነሣው ዲጂታል ቅጂ በነጻ ይከፈታል። ሐኪሙ በስም የሚጠቅሰው በአብዛኛው የታመመውን ነው። የእናንተ ሰው ስም ባይኖር እንኳን ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ተነሣው ተቅማጥ የጻፈው የእሱም ኑሮ ነው። እዚህም የምትፈልጉት በመርከብ ስምና በዓመት ነው።

ደረጃ 5፦ የቅኝ ግዛቱን መዝገብ አንብቡ

ሀ. ታዝማኒያ ከሆነ

እንደ ታዝማኒያ ግዞተኛን በዝርዝር የመዘገበ የለም ብል አላጋነንኩም። የታዝማኒያ ቤተ መጻሕፍት ድርጅት የስም ማውጫ ነጻ ነው፤ ከማውጫው ላይ የመዝገቡን ፎቶ ራሱን ትከፍታላችሁ። ስሙን ጻፉ፣ «ግዞተኛ» የሚለውን ክፍል ምረጡ፣ መርከቡን አመሳክሩ።

የምትፈልጉት የጠባይ መዝገብ የሚባለውን ነው። መለያው ለወንዶች እስከ 1840ዎቹ መጀመሪያ ኮን 31፣ ከዚያ በኋላ ኮን 33 ነው። ለሴቶች ኮን 40 እና ኮን 41 ነው። ከፌይ ኮን 33 ላይ ነው።

ገጹን ስትከፍቱ አትደንግጡ። እንዲህ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ አናቱን። ስም፣ የፖሊስ ቁጥር፣ መርከብ፣ የደረሰበት ቀን፣ የተፈረደበት ቦታና ዘመን። ይህ ከወረቀታችሁ ጋር ካልገጠመ ገጹን ዝጉት።

ቀጥሎ ወንጀሉ። ብዙ ጊዜ ግዞተኛው ራሱ የተናገረው ቃል ይጨመርበታል። ምን እንደሰረቀ፣ ከማን እንደሰረቀ፣ ባለትዳር መሆኑን፣ የልጆቹን ብዛት ያወራል። ችሎት ላይ የካደ ሰው እዚህ አምኖ ታገኙት ይሆናል።

ቀጥሎ መልኩ። ሙያ፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የፊት ቀለም፣ ጸጉር፣ ዓይን፣ ጠባሳና ንቅሳት፣ የትውልድ ቦታ። ቁመት በፉትና በኢንች ነው። አንድ ፉት 30.48 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፌይ አጭር ሰው ነበር፤ ቁመቱ 4 ፉት ከ11 ኢንች ገደማ ሆኖ ይጠቀሳል። ይህ 150 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመት፣ ጠባሳና ንቅሳት አንድ ዓይነት ስም ያላቸውን ሁለት ሰዎች ለመለየት ከዕድሜ በጣም ይሻላሉ።

በመጨረሻ ታች ያለው የተጨናነቀ ጽሑፍ። እዚያ ያለው ቅኝ ግዛቱ ውስጥ ያጠፋው ጥፋት ነው። ቀን፣ ጥፋት፣ ቅጣት፣ የዳኛው የስም መነሻ ፊደላት። ሰከረ፣ ሳያስፈቅድ ወጣ፣ ለአሠሪው ክፉ ተናገረ፣ ይህን ያህል ቀን ብቻውን ታሰረ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ገልብጡ። የት እንደነበረና ማን ዘንድ ሲሠራ እንደነበረ የሚታወቀው ከዚህ ነው።

እጅ ጽሑፉ አልነበብ ካለ፦ ከሚታወቀው ጀምሩ። የመርከቡን ስም ታውቃላችሁ። ጸሐፊው ያንን ስም ሲጽፍ ፊደላቱን እንዴት እንደቀረጸ እዩና የእጁን ፊደል ገበታ ወረቀት ላይ ሥሩ። ኤስ ሁለቴ ሲደረብ የመጀመሪያው ኤፍ ይመስላል፤ በስህተት እንዳታነቡት። ስሞች ያጥራሉ፦ ደብልዩ ኤም ዊልያም ነው፣ ጄ ኤን ኦ ጆን ነው፣ ጄ ኤ ኤስ ጄምስ ነው። ዲ ኦ ካያችሁ «ከላይ እንደተጻፈው» ማለት ነው።

ለ. ኒው ሳውዝ ዌልስ ከሆነ

የግዛቱ ቤተ መዛግብት የግዞተኞች ማውጫ አለው። መጀመሪያ ኢንደንት የሚባለውን ፈልጉ። ይህ መርከቡ ሲደርስ ግዞተኞቹ ለአገረ ገዥው የተረከቡበት ዝርዝር ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢንደንቶች ስም፣ ፍርድና ዘመን ብቻ አላቸው። ከ1820ዎቹ ወዲህ ያሉት ሃይማኖት፣ ሙያ፣ የትውልድ ቦታና መልክም ይጨምራሉ።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ። በኖቬምበር 1828 የተደረገው ቆጠራ ወርቅ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት መርከብና ዓመት፣ ቅጣት፣ ሃይማኖት፣ ሥራ፣ መኖሪያ፣ መሬትና ከብት ሁሉ አለበት። ከስሙ አጠገብ ያሉትን ሁለት ፊደላት በደንብ እዩ። ሲ ኤፍ ነጻ ሆኖ የመጣ፣ ቢ ሲ እዚያው የተወለደ፣ ኤፍ ኤስ ቅጣቱን ጨርሶ ነጻ የወጣ፣ ጂ ኤስ የመንግሥት አገልጋይ ማለትም ገና ቅጣት ላይ ያለ፣ ቲ ኤል ለራሱ ሠርቶ እንዲያድር የፈቃድ ወረቀት ያለው፣ ሲ ፒ በቅድመ ሁኔታ ምሕረት ያገኘ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለቆጣሪው የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም። የ20 የአውስትራሊያ ዶላር ላይ ምስሏ ያለው ሜሪ ሪቢ በፈረስ ስርቆት 7 ዓመት ተፈርዶባት በ1792 ሮያል አድሚራል በምትባል መርከብ የመጣች ግዞተኛ ነበረች። በ1828 ግን ባለጸጋ ነጋዴ ከሆነች ቆይታለች። ለቆጠራው የሰጠችው ቃል «በ1821 ነጻ ሆኜ መጣሁ» የሚል ነው። በ1820 ልጆቿን ይዛ እንግሊዝ ደርሳ በ1821 ተመልሳለች፤ ስለዚህ ቃሏ የመጨረሻ ጉዞዋን ነው የሚናገረው። ቆጠራውን ብቻ ያነበበ ሰው ግዞተኛ አልነበረችም ብሎ ይደመድማል። በዚያ ላይ እንግሊዝ ውስጥ ስትያዝ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ስሟንም ጄምስ ባሮው ብላ ነበር። በስም ብቻ መሄድ የት እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሐ. ምዕራብ አውስትራሊያ ከሆነ

ከፍሪማንትል እስር ቤት የግዞተኞች ማውጫ ጀምሩ፤ በመርከብም በስምም ይፈልጋል። እዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ጻፉ፤ ከስሙ የበለጠ ይጠቅማችኋል። ዝርዝር መዝገቡ ፐርዝ ባለው የግዛቱ መዛግብት ጽሕፈት ቤት ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ነጻነት የሄደበትን ተከታተሉ

ወረቀቶቹ በቅደም ተከተል ይመጣሉ።

የፈቃድ ወረቀት፣ ማለትም ቲኬት ኦፍ ሊቭ፣ ግዞተኛው ቅጣቱ ሳያልቅ በተወሰነ አውራጃ ውስጥ ለራሱ ሠርቶ እንዲያድር የሚፈቅድ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ በተለመደው ደንብ 7 ዓመት የተፈረደበት ከ4 ዓመት፣ 14 የተፈረደበት ከ6፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከ8 ዓመት በኋላ ማግኘት ይችል ነበር። ይህን ስሌት ፍለጋችሁን ለማጥበብ ተጠቀሙበት። ከዚያ በጣም ከዘገየ በመሀል ጥፋት አለ ማለት ነው፤ ወደ ቅጣት መዝገቡ ተመለሱ።

የነጻነት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው የተወሰነ ዘመን ተፈርዶበት ለጨረሰ ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበትን እዚህ አትፈልጉት፤ እሱ የሚገኘው ምሕረት ውስጥ ነው። በቅድመ ሁኔታ የሚሰጠው ምሕረት ወደ ብሪታኒያ መመለስን ይከለክላል፤ ሙሉው አይከለክልም። ከፌይ በ1856 ምሕረት አግኝቷል። ወደ አገሩ አልተመለሰም። ሚስቱ ሜሪ አን በ1853 ተከትላው መጥታ ነበር፤ ታዝማኒያ ቀረ፣ ልብስ መስፋቱንም ቀጠለ።

ወረቀቱ ከሌለ፦ አምልጦ ሊሆን ይችላል። የኒው ሳውዝ ዌልስ የመንግሥት ጋዜጣ ከ1832 ጀምሮ የጠፉ ግዞተኞችን ስም ከነመርከባቸውና ከነመልካቸው ያወጣ ነበር። ትሮቭ በሚባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል።

ደረጃ 7፦ ጋብቻ፣ ጋዜጣ፣ ሞት

ቅጣት ላይ ያለ ግዞተኛ ለማግባት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፈቃድ መዝገቡ ሁለቱንም ሰዎች ከነመርከባቸው ይጽፋል። ፈቃድ ማግኘት ግን ማግባት አይደለም፤ የተከለከለም ሐሳቡን የቀየረም አለ። የጋብቻውን ምዝገባ ራሱን ፈልጉ።

ትሮቭ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነጻ የጋዜጣ ክምችት ነው። ጽሑፉን ያነበበው ማሽን ስለሆነ ስሞች ይበላሻሉ። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን ከሰፈሩ፣ ከሥራው ወይም ከጎረቤቱ ጋር አጣምሩ። ዓመቱን አጥብቡ።

ለሞት፣ መጀመሪያ የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረበትን ዓመት እወቁ። ታዝማኒያ በ1838 መጨረሻ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ በ1841፣ ቪክቶሪያ በ1853፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1856 ጀምረዋል። ከዚያ በፊት የሞተውን በቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ ፈልጉ። የኒው ሳውዝ ዌልስ የሞት ምስክር ወረቀት ገንዘብ ያስከፍላል፤ ግን ዋጋው የሚያስቆጭ አይደለም። የወላጆቹን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና በቅኝ ግዛቶቹ ስንት ዓመት እንደኖረ ይጠይቃል። ያንን የዓመት ቁጥር ከሞተበት ዓመት ቀንሱ። መርከቡ የደረሰበት ዓመት አካባቢ መውደቅ አለበት። የታዝማኒያው ወረቀት የወላጅ ስም አይሰጥም፤ ምስሉ ግን በስም ማውጫው በኩል ይገኛል።

በሽምግልና የሞተ ግዞተኛ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመንግሥት የጦም አዳሪዎች መጠለያ መዝገብ ውስጥ ነው። ከፌይ በጁላይ 1870 የሞተው ሆባርት ውስጥ ብሪክፊልድስ በሚባል እንዲህ ያለ መጠለያ ነው። ዕድሜው 82 ነበር።

ደረጃ 8፦ አንድ ሰው መሆኑን ፈትኑ

አሁን ወረቀታችሁን ዘርጉ። ሁለት መዝገቦች የአንድ ሰው ናቸው ለማለት ከስም ሌላ ቢያንስ ሁለት ነገር ይግጠም፦ መርከብና የመጣበት ዓመት፣ ፍርድ ቤትና ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ ወይም ጠባሳ። ዕድሜ በሁለትና ሦስት ዓመት ቢለያይ አይግረማችሁ። ሙያም ይቀየራል። መርከቡ ከተለያየ ግን ቁሙ።

አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሩቅ ቦታ ከታየ ሁለት ሰዎችን ቀላቅላችኋል። ከመርከቡ ጀምራችሁ መዝገቦቹን አንድ በአንድ መልሳችሁ አስቀምጡ። ግራ የገባችሁ መዝገብ ላይ «ያልተረጋገጠ» ብላችሁ ለብቻው አኑሩት። አትጣሉት።

ሌሎች ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የለጠፉትን የዘር ሐረግ እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማስረጃ አትውሰዱ። አንዱ የተሳሳተውን ሃምሳ ሰው ይገለብጠዋል። ሃምሳ ቦታ መገኘቱ እውነት አያደርገውም።

ሁሉም መንገድ ከተዘጋ

ለቤተ መዛግብቱ ጻፉ። ባለሙያዎቹ ለአጭርና ለተለየ ጥያቄ ይመልሳሉ። «ስለ ጆን ስሚዝ የምታውቁትን ላኩልኝ» አትበሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ከጥያቄው በላይ እነዚህን አስቀምጡ፦ ስሙን ከነልዩ ልዩ አጻጻፉ፣ መርከቡንና የደረሰበትን ዓመት፣ የተፈረደበትን ፍርድ ቤትና ቀን፣ እስካሁን ያያችኋቸውን መዝገቦች ከነመለያ ቁጥራቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት ያያችሁበትን ቀንና ቦታ።